ስለ ሕንድ ፊልሙና ስለ ተጠረገው መንገድ፣ ለቀኛዝማች ጋሹ

ቆቦን ሲያስተዳድሩ ቆይተው አሁን ደሴ ላይ በጡረታ ላረፉት፣ ለተከበሩ ቀኛዝማች ጋሹ፤

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ ጉልበትዎ ጸንቶ፣ እንቅልፍዎ ጣፍጦ፣ የሚበሉትም ከሰውነትዎ ጋር ተስማምቶ እንዲያገኝዎ ከልቤ እመኛለሁ። እኛ ያላለቅነው፣ አልሐምዱሊላህ፣ ደኅና ነን።

እኔ ሰላሁዲን ነኝ፤ ከገበያው አፍ ላይ በረንዳዬ ላይ መኪናዬን አቁሜ የምሰፋው ልብስ ሰፊ። የኮትዎን ወገብ ያሰፋሁልዎ እኔ ነኝ፤ ያሰፋሁትም አገር ሁሉ ቀበቶውን በሚያጠብቅበት ዓመት ስለ ነበር አይረሱኝም ብዬ እገምታለሁ። ደብዳቤውን አሽጌ ለብቻዎ ልልክልዎ ይገባኝ ነበር። ነገር ግን እርስዎ ያደረጉልን ሁሉ በጥሩንባ ተነግሮ በአደባባይ የተደረገ ስለሆነ፣ ምስጋናውም በአደባባይ ቢሆን ያምርበታል ብዬ አንዱን ቅጂ በጨርቅ ነጋዴው በበድረዲን ሱቅ በር ላይ እለጥፈዋለሁ፤ ሌላውን ለጋዜጣ እልከዋለሁ። ከስድሳ ስድስት ወዲህ አፍ ተፈትቷል ይባላል። የእኔ ቢፈታ የሚናገረው ስለ አንድ ሲኒማ ብቻ ነው፤ ስለዚህ አይደንግጡ።

ምስጋናዬን በተራ በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ግብዣው። ዘመኑን እንዳልዘነጉት አውቃለሁ፤ ሆኖም ይህን የሚያነብ ከሌላ አገር የመጣ ሰው ቢኖር እንዲገባው ያህል ላስታውስ። በስድሳ አምስት ግንቦት፣ በልጉ ቀርቶ፣ ያለፈውም ክረምት ዘሩን ከመሬት ውስጥ እንዳለ አድርቆት፣ ከቆላው የወጣው ሰው ከዋጃ እስከ ጎብዬ በአውራ ጎዳናው ግራና ቀኝ ተኮልኩሎ ነበር። መጀመሪያ መኪና ሲያልፍ እጁን ያነሣ ነበር፤ ኋላ ኋላ ማንሣቱንም ተወው። ባለቤቴ ሀሊሜ ሲቲ የምትባል አንዲት ታናሽ እህት አለቻት፤ ወደ አፋር በሚወርደው ቆላ ተድራ የምትኖር። ባሏ የተረፉትን ከብቶች ይዞ ሣር ፍለጋ እንደ ወረደ ሳይመለስ ቀርቶባት ነበር። ሀሊሜ በጨው ነጋዴዎች፣ "ልጆችሽን ይዘሽ ነይ፤ ያለንን እንቃመሳለን" ብላ ላከችባት። ከላከችበት ቀን ጀምሮ ዓይኗ ከመንገዱ አልተነቀለም ነበር።

እንግዲህ በዚያው ሰሞን ነው ጥሩንባ ነፊዎ የመጣው። ከአዲስ አበባ ታላቅ እንግዳ ስለሚመጡ፣ ሕዝቡም ሲደሰት እንዲያዩት፣ ደሴን ጉድ ያሰኘ የሕንድ ፊልም በእህል መጋዘኑ ውስጥ በነጻ ስለሚታይ፣ ነጋዴና ባለ እጅ የሆነ ሁሉ ሚስቱንና ልጆቹን አሳምሮ አልብሶ ከቀትር በኋላ እንዲገኝ፤ የቀረ ግን እንደሚቀጣ ለፈፈ። አለመደሰት የሚያስቀጣ መሆኑን ያን ቀን ተማርን። ትምህርት ደግሞ ቀላል ስጦታ አይደለም፤ እናመሰግናለን።

ሁለተኛ፣ ስለ መጋረጃው። ፊልሙ የሚታይበት ነጭ ጨርቅ ስላልነበረ ታጣቂ ነጭ ለባሾችዎ በየሱቁ የተገኘውን አቡጀዲ ሁሉ ሰብስበው ከበረንዳዬ ላይ ከመሩት። ያን ሰሞን አቡጀዲ የሚገዛው ለከፈንና ለመግነዝ ብቻ ነበር። በድረዲን የሱቁን ጥቅል ሲያስረክብ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ፣ "ሰላሁዲን፣ የሞተው ምን ሊለብስ ነው?" አለኝ። መጋጠሚያው ከተዋናዮቹ ፊት ላይ መስመር እንዳይሠራ ተጠንቅቄ ሰፋሁት። እርስዎም ዳብሰው አይተው፣ "ጎበዝ፤ ስፌቱ አይታወቅም" ብለውኛል። በሥራ ዘመኔ ካገኘኋቸው ሙገሳዎች ሁሉ ከአእምሮዬ ያልወጣው ይኸው ነው።

ሀሊሜ አልሄድም ብላ ነበር። "ሰው መንገድ ዳር ተዘርሮ እኔ ሲኒማ ልይ?" አለች። ልጃችን ራቢዓ ግን ፊልም የሚባለውን ከትምህርት ቤት በወሬ ብቻ ነበር የምታውቀው፤ ጥሩንባው ከተነፋ ወዲህ ፀጉሬን ሥሩኝ፣ ቀሚሴን እጠቡልኝ እያለች መቀመጫ አሳጥታን ነበር። በዚያ ዓመት ልጅ አንድ ነገር ፈልጎ ሲገኝለት ማየት ብርቅ ነበርና ሀሊሜ ለልጇ ስትል እሺ አለች። ለዒድ የምትለብሰውን ጥለት ያለው ነጠላ አወጣች። ከመውጣታችን በፊት የማሽላ ቂጣ ጋግራ፣ በሌማት ከድና ከበሩ ሥር አስቀመጠችና በሩን ሳትቆልፍ ገርበብ አደረገችው። "ሲቲ ዛሬ ከደረሰች ገብተው ይብሉ" አለች። እኔ፣ "በዚህ ጊዜ ቂጣ በር ሥር ትቶ የሚሄድ ሰው አለ? ሳንርቅ ያነሡታል" ብዬ ነበር። "የሚያነሣውም ይብላው" አለችኝ።

ክቡር ሆይ፣ ቂጣውን ማንም አልነካውም። ስንመለስ እንዳለ ነበር። ምክንያቱን ወደ በኋላ እደርስበታለሁ።

ከመጋዘኑ ስንደርስ እህሉ የት እንደ ሄደ መጠየቅ የልብስ ሰፊ ሥራ ስላልሆነ አልጠየቅኩም። ወለሉ ላይ ከጆንያ የተንጠባጠበ ማሽላ ቀርቶ ነበር፤ ሴቶቹ እየተቀመጡ፣ እየተጨዋወቱ፣ ዓይናቸውን ከፊት ሳይነቅሉ በጣታቸው እየለቀሙ በነጠላቸው ጫፍ ይቋጥሩ ነበር። መስኮቶቹ በጆንያ ተጋርደው ጨለማ ሆነ። እንግዳው ከፊት በወንበር፣ እርስዎ ከጎናቸው፤ እኛ ከኋላ መሬት ላይ። ሞተሩ ከውጭ አጓራ፤ በእኔ ስፌት ላይም ሕንድ አገር መጣ።

ስለሚቀጥለው ግን ያለ ምንም ቅኔ አመሰግንዎታለሁ። ደስ የሚል ነበር። ቋንቋውን የሚያውቅ ስላልነበረ በድረዲን አሰብ ወደብ በሠራበት ዘመን ከሕንዶች ጋር ኖሬአለሁ ብሎ አስተርጓሚ ሆነልን። ሰውየው ሲዘፍን፣ "እወድሻለሁ እያላት ነው" አለን። ዘፈኑ ረዘመ። "አሁንም እወድሻለሁ እያላት ነው" አለን። ልጅቷ ዛፍ ዞራ ስትመልስለት፣ "እሷም ሳትወደው አልቀረችም፤ ግን አባቷን ትፈራለች" አለን። ራቢዓ እስክትንፈቀፈቅ ሳቀች። ሀሊሜም ሳቀች፤ ከጥር ወዲህ ስትስቅ ሳያት የመጀመሪያዬ ነበር።

ከዚያ ዝናብ ዘነበ። ሰማዩ ጠቁሮ፣ ነጎድጓዱ ጮኾ፣ ውኃው በሴትዮዋ ፀጉር፣ በቅጠሉ፣ በጎዳናው ላይ ይወርድ ጀመር። መጋዘኑ ሙሉ ሰው ትንፋሹን ዋጠ። ከፊታችን የነበሩ አንድ ሽማግሌ ሁለት እጃቸውን ለዱዓ እንደሚዘረጋ ዘርግተው፣ "ያ ረቢ! ይኼ የት አገር ነው?" አሉ።

"ሕንድ ነው፣ አባቴ" አላቸው በድረዲን።

"ሩቅ ነው?"

"በባሕር ማዶ። እጅግ ሩቅ።"

"እንግዲያ እዚያ ሄዷል" አሉና እጃቸውን ሰበሰቡ።

ዝናቡ ጎርፍ ሆነ። አንዲት እናት ልጇን አዝላ ወንዝ ስትሻገር ውኃው ከጀርባዋ ነጠቃት። በድረዲን እዚህ ላይ ማስተርጎሙን ተወ፤ አላስፈለገምም። እናቲቱ በዳርቻው እየሮጠች ስትጣራ ሴቶቹ ሁሉ አለቀሱ፤ ወንዶቹም ጥምጣማቸውን ወደ ዓይናቸው ሳቡ። የፊልሙ ጥቅል አልቆ ምስሉ የተቋረጠው በዚህ መሐል ነው። መካኒኩ ሌላውን እስኪያስገባ ሞተሩን አጠፉት። ጸጥ ሲል ግን ልቅሶው አልቆመም። የእኛው ልቅሶ መስሎን ነበር፤ ከውጭ ነበር የሚመጣው።

ሦስተኛ እንግዲህ ስለ መንገዱ ጽዳት ነው። እኛ ስንደሰት እርስዎ ሥራ አልፈቱም ነበር። የጭነት መኪናዎች ከመጋዘኑ ጀርባ ቆመው፣ ከመንገድ ዳር የተለቀመው ሰው ይጫን ነበር፤ እንግዳው ወደ ዋጃና ወደ አላማጣ ሲያልፉ ዓይናቸው እንዳይጎሳቆል። ከዚያ ሁሉ ጫጫታ መካከል አንዲት ሴት፣ "እኔ ለማኝ አይደለሁም! እህቴ ዘንድ ነው የምሄደው! የሀሊሜን ቤት አሳዩኝ፤ ሀሊሜ የሰላሁዲን! ሰው አለኝ!" እያለች ትጮኽ ነበር።

ሀሊሜ ድምፁን እንደ ሰማች፣ "ሲቲ ናት" አለችኝ። ቀጥላም በሰው ላይ እየተረማመደች ወደ በሩ ሮጠች፤ እኔም ተከተልኳት። በሩን የያዘው ሙላው የሚባለው ነጭ ለባሽዎ ነበር። "እንግዳው ሳይነሡ ማንም አይወጣም ተብሏል" አለ።

"እህቴ ናት፣ ወንድሜ! እየጫኗት ነው!"

"እኔ ምን ላድርግ እቴ? ትእዛዝ ነው።"

ሀሊሜ በሩን በሁለት እጇ ትደበድብ፣ የእህቷን ስም ትጠራ ጀመር። ሲቲም ከወዲያ ሰማቻት መሰለኝ፣ "ሀሊሜ! ሀሊሜ!" አለች። በመካከላቸው የነበረው አንድ ቆርቆሮ በር ነው። ወዲያው የመኪናዎቹ ሞተር ተነሣ፤ የፊልሙም ሞተር ተነሣ፤ ከሁለቱ በኋላ ሰው ሰውን የሚሰማበት አልነበረም።

ቀጥሎ የሆነውን እርስዎም ያስታውሱታል። እንግዳው ዘወር ብለው በሩ ሥር ተንበርክካ የምትጮኸውን ባለቤቴንና ከዙሪያዋ የሚያለቅሱትን ሴቶች አዩ። መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ። ከጎንዎ ለነበሩት ሁሉ በሚሰማ ድምፅ፣ "እንዴት ያለ ርኅሩኅ ሕዝብ ነው! ለባዕድ አገር እናት እንዲህ የሚያለቅስ!" አሉ። እርስዎም ጎንበስ ብለው፣ "የጠገበ ሰው እንባው ቅርብ ነው፣ ክቡርነትዎ" አሏቸው።

ከዚህ በኋላ ቁጥሩ ይጠፋብኛልና ይቅርታዎን እለምናለሁ።

ፊልሙ አልቆ፣ እንግዳው ተነሥተው፣ በሩ ሲከፈት መንገዱ ባዶ ነበር። አቧራው እንዳይነሣ በበርሜል ውኃ ተረጭቶበታል። እናቶች ለልጆቻቸው ጉሮሮ ማርጠቢያ ውኃ ያጡበት መንገድ እርጥብ ነበር፤ የረጠበ አፈር ይሸት ነበር። ቤታችን ሮጠን ደረስን፤ በሩ እንደ ተገረበበ፣ ቂጣው እንደ ተከደነ ነው። የሚያነሣው ሰው በቆቦ ጎዳና አልቀረማ። ራቢዓን ለበድረዲን ባለቤት አደራ ብለን ስንወጣ ሙላው ከጥግ ጠበቀን። ፊቴን ሳያይ፣ "ከሮቢት ወዲያ፣ ከአስፋልቱ ወደ ቆላው ገንጥለው፣ ከደረቁ ወንዝ ነው የሚያራግፏቸው። እኔ የታዘዝኩት በር ብቻ ነው፣ ሰላሁዲን" አለኝ። ቂጣውን በነጠላዋ ቋጥራ ሀሊሜ ከፊቴ ሄደች። መኪና ስላላገኘን በእግራችን ሄደን ጎህ ሲቀድ ደረስን።

ስለ ቦታው ብዙ አልጽፍም፤ እርስዎ የመረጡት ስለሆነ ያውቁታል። ጥላ የለውም። ሰዎቹ እንደ ተራገፉ፣ ገሚሱ ተቀምጦ፣ ገሚሱ ተኝቶ ነበር፤ ከተኙት የትኛው እንደሚነሣ ቀርቦ ካላዩ አይለይም። ሲቲን ያገኘናት በወንዙ አሸዋ ውስጥ ክንዷ እስኪገባ ቆፍራ፣ ከሥሩ የወጣውን ጭቃ ውኃ በሻሿ እያጠለለች ለልጇ ለኡሙሃኒ ስታጠጣ ነው። ትንሹ ልጇ ሙሀመድሰይድ ከመኪናው ላይ ሳለ ሞቶ ነበር። አጠገቧ አስተኝታው፣ ፊቱን ወደ ቂብላ አዙራው ነበር።

ሀሊሜ ስታቅፋት ሲቲ አላለቀሰችም። የተናገረችው ይህን ብቻ ነው፦ "ሰው አለኝ ብያቸው ነበር። ሰው እንዳለኝ ነግሬያቸው ነበር፣ ሀሊሜ።"

ልጁን ለመቅበር መቆፈሪያ አልነበረንም። ሁለት ሰዎች መቆም ችለው በድንጋይና በእንጨት አገዙኝ። ከፈን ብዬ ለመግዛት አቡጀዲ በቆቦም ሆነ በሮቢት አልነበረም፤ የት እንደ ሄደ አስቀድሜ ጽፌያለሁ። ሀሊሜ ለሲኒማው የለበሰችውን ነጠላ፣ ቂጣውን ፈትታ ሰጠችኝ። ጥለቱን ቀድጄ አወጣሁና በነጩ ገነዝኩት። ሶላቱን ያሰገድኩት እኔ ነኝ። ከኋላዬ የቆሙት እየተደገፉ ነበር፤ አንደኛው ሰላም ብለን ሳንጨርስ ተቀመጠ። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። ቂጣውን ቆራርሰን ላሉት አዳረስነው። ለሁሉ አልደረሰም።

ሲቲና ኡሙሃኒን በግመል ነጋዴዎች ቸርነት ቤታችን አደረስናቸው። ኡሙሃኒ በአጥሚት፣ በዱዓ ዳነች፤ አሁን ከራቢዓ ጋር ትምህርት ቤት ትሄዳለች። ሲቲ ከእኔ ጋር በረንዳው ላይ ተቀምጣ ቁልፍ ትተክላለች፤ ጫፍ ትዘመዝማለች። እጇ ጥሩ ነው። የጭነት መኪና ሲያልፍ ግን መርፌዋን ትሰካና ተነሥታ ወደ ቤት ትገባለች፤ ድምፁ እስኪርቅ አትወጣም።

ያን ፊልም በተመለከተ አንድ ቀን ያላሰብነው ጥያቄ ጠየቀችን። ክረምቱ ገብቶ፣ እውነተኛው ዝናብ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ ሁላችን ቤት ውስጥ ተቀምጠን ሳለን ነው። "ያን ቀን ያያችሁት ምን ነበር?" አለች። ማናችንም ዓይን ለዓይን አልተያየንም። ሀሊሜ እንደ ምንም ብላ ነገረቻት፤ ስለ ዘፈኑ፣ ስለ ጎርፉ፣ ልጇን ውኃ ስለ ወሰደባት ሴት።

"ኋላስ? ልጇን አገኘችው?"

ሀሊሜና እኔ መጨረሻውን አላየነውም፤ ፊታችን ወደ በሩ ነበር። ያየችው ራቢዓ ናት። "አገኘችው፣ አክስቴ" አለቻት። "ሩቅ አገር አድጎ፣ ትልቅ ሰው ሆኖ። በአንገቱ ጠባሳ አወቀችው።"

"እሰይ!" አለች ሲቲ። "አልሐምዱሊላህ! የሷ እንኳ ተገኘላት።" ከዚያ አለቀሰች። ከወንዙ ወዲህ ያለቀሰችው ያን ዕለት ነው፤ እስክታቆም ድረስ ሀሊሜ ጭንቅላቷን በጉልበቷ ላይ አድርጋ ፀጉሯን ትዳስስ ነበር።

ክቡር ቀኛዝማች፣ ያን ጊዜ እንግዳዎ የተናገሩት ትዝ አለኝና እውነታቸውን ነበር ብዬ አሰብኩ። ለባዕድ አገር እናት የምናለቅስ ሕዝብ ነን። የእርስዎ ብልሃት የነበረው፣ በሩን ቆልፎ የራሳችንን እንዳናለቅስ ማድረጉ ላይ ነው።

ካሣ አልጠይቅም፤ የምንጠይቀውን ነገር እርስዎም ቢፈልጉ አያገኙትም። እግዜር ዕድሜዎን ያርዝመው እንላለን፤ ያዩትን ሁሉ አንድ በአንድ ለማስታወስ የሚበቃ ዕድሜ። ጆሮዎም እስከ መጨረሻው ይስማ።

ወገብዎን በልኩ የሚያውቀው፣ ሁልጊዜም ደጅዎን የሚጠና መስሎ ደጅዎን የሚመለከት፣ ለቸርነትዎ መጠሪያ ቃል ያጣ ትሑት አገልጋይዎ፣

ሰላሁዲን፣ ልብስ ሰፊ
ቆቦ፣ ኅዳር ፲፱፻፷፯ ዓ.ም.

ተጨማሪ፦ ይህን ጽፌ ልጨርስ ስል የእርስዎ ሰዎች ወደ በረንዳዬ መጡ። "ቀኛዝማች ሕዝቡን በርኅራኄ ያስተዳደሩ ናቸው" የሚል፣ ስለ ረሃቡ ለሚጠይቁት መርማሪዎች የሚቀርብ ወረቀት ይዘው፣ የቆቦን ሰው ጣት ያስፈርማሉ። ሲቲንም ቀለሙን አቀረቡላትና "እዚህ ላይ አሳርፊ" አሏት። ማንበብ ስለማትችል፣ "ልጄ የተቀበረበት ቦታ ተጽፎበታል?" ብላ ጠየቀቻቸው። እርስ በርስ ተያይተው፣ "የለም፣ እሱ አልተጻፈም" አሏት። "እንግዲያ ስለ ሌላ አገር የተጻፈ ነው" አለችና መርፌዋን አንሥታ ቁልፏን መትከል ቀጠለች።